የንጉሡ ማዘዣ የማይገባበት ሸለቆ፦ የታይንዴል የዳኝነት ግዛት ታሪክና ያልተቋጨው ክርክር

በ1495 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የእንግሊዝ ፓርላማ በሰሜኑ ጠረፍ የነበረ አንድ የገጠር የዳኝነት ግዛት እንዲፈርስ ወሰነ። ግዛቱ ታይንዴል ይባላል። የኖርዝ ታይንና የሳውዝ ታይን ወንዞችን ሸለቆዎች ይዞ እስከ ስኮትላንድ ወሰን የሚዘልቅ፣ ከእርሻ ይልቅ ለከብት የሚመች ደጋማ አገር ነው። አዋጁ ያቀረበው ክስ አጭርና ከባድ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ከስኮትላንዶች ጋር እያበሩ ይገድላሉ፣ ይዘርፋሉ፤ ከዚያም የአውራጃው ሹም ሊከተላቸው ወደማይችልበት ልዩ ግዛታቸው ይገባሉ። መፍትሔ የተባለው ልዩ ዳኝነቱን ሽሮ ታይንዴልን እንደማንኛውም መሬት በኖርዘምበርላንድ አውራጃ ሥር ማዋል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ታሪክ ጸሐፊዎችን ሲያከራክር የኖረው ይኸው ክስ ነው። ወንበዴውን የፈጠረው ልዩ ዳኝነቱ ነው? ወይስ ልዩ ዳኝነቱ ሌላ ነገር ያበላሸውና ጥፋቱን ሁሉ የተሸከመ ተቋም ነበር? ማስረጃውን በተርታ ላየ ሰው ፓርላማው የሰጠው ምክንያት ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። ሆኖም ክሱ ከባዶ የተነሣም አልነበረም።

አመጣጡ

በ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኖርዘምበርላንድ በስኮትላንድ ነገሥታት ቤተሰብ እጅ ነበረ። በ1157 የ16 ዓመቱ ንጉሥ አራተኛው ማልኮልም የሰሜኑን አውራጃዎች ለእንግሊዙ ዳግማዊ ሄንሪ ለመመለስ ተገደደ። በምትኩ የሀንቲንግደንን ሹመትና መሬት አገኘ፤ ብዙም ሳይቆይ ታይንዴል በስኮትላንድ ንጉሥ እጅ መሆኑን መዛግብት ያሳያሉ። ብዙዎች ይህን የካሳ ያህል ያዩታል። ለመሬቱ የሚጠበቅበት ግዴታ ለእንግሊዝ ንጉሥ እጅ መንሳት ብቻ ነበር፤ ገንዘብም፣ የዘመቻ ግዴታም አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ ያስፈልጋል። ታይንዴል የስኮትላንድ አካል ሆኖ አያውቅም። በ1237 በዮርክ በተፈረመው ውል ዳግማዊ አሌክሳንደር በሰሜናዊ አውራጃዎች ላይ ያነሣው የነበረውን ጥያቄ ሲተው የሁለቱ መንግሥታት ወሰን ከትዊድ ወንዝ እስከ ሶልዌይ ባሕረ ሰላጤ መሆኑ በተግባር ጸና፤ ታይንዴል ደግሞ ከዚህ መስመር በስተደቡብ ነው። የስኮትላንድ ንጉሥ እዚያ የተቀመጠው በባለርስትነቱ እንጂ በንጉሥነቱ አልነበረም፤ ቢያንስ በእንግሊዞች አስተያየት። ሣልሳዊ አሌክሳንደር በ1278 ለቀዳማዊ ኤድዋርድ እጅ ሲነሣም እጅ የነሣው በእንግሊዝ ስላለው መሬቱ ብቻ እንደሆነ የስኮትላንድ ወገን አጥብቆ መዝግቧል።

የጉልት ሥርዓትን የሚያውቅ አንባቢ ባለጉልቱ በመሬቱ ላይ የሚኖረውን ገበሬ ይዳኝ እንደነበረ ያስታውሳል። የታይንዴል ልዩነቱ ባለጉልቱ ራሱ የጎረቤት አገር ንጉሥ መሆኑ ነው።

ሥልጣኑም ከተራ ባለርስት እጅግ ይበልጥ ነበር። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የራሱ ትንሽ ችሎት ያልነበረው ጌታ ጥቂት ነው። ከእነዚህ ከፍ የሚሉት የንጉሡን ማዘዣ ከአውራጃው ሹም ከሸሪፉ ተቀብለው በራሳቸው ሰው የማስፈጸም መብት ነበራቸው። ታይንዴል ከዚህም ያልፋል፤ የእንግሊዝ ንጉሥ ማዘዣ ጭራሽ አይገባበትም ነበር። ማዘዣው የሚወጣው በስኮትላንድ ንጉሥ ስም ነው፤ ዳኞቹንም ሆነ ድንገተኛ ሞትን የሚመረምሩትን ሹሞች የሚሾም እሱ ነው። በአካባቢው በዚህ ደረጃ የሚስተካከለው የደርሃም ጳጳስ ግዛት ነበር።

በዋርክ የዋለው ችሎት

የዚህ ሁሉ ማዕከል በኖርዝ ታይን ዳር ያለችው ዋርክ ናት። በትዊድ ወንዝ ዳር ካለችው ስመ ሞክሼዋ ጋር መምታታት የለባትም። በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የተገኘውም ከዚህች መንደር ነው፤ ከ1279 እስከ 1281 እና በ1293 በዋርክ የተቀመጡት ተዘዋዋሪ ችሎቶች መዛግብት እስከ ዛሬ አሉ። የመጀመሪያውን ሃርትሾርን የተባለ የጥንታዊ ቅርሶች አጥኚ በ1858 አሳትሞታል።

ከ1279 ዳኞች መካከል ቶማስ ራንዶልፍና ሳይመን ፍሬዘር ይገኛሉ፤ ሁለቱም የስኮትላንድ መኳንንት ናቸው። ዘመኑ የሚቆጠረው በአሌክሳንደር የንግሥና ዘመን ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው የስኮትላንድ ሕግ በእንግሊዝ መሬት ላይ ይሠራ ነበር ብሎ ይደመድም ይሆናል፤ ግን ስሕተት ይሆናል። የመዝገቡ አጻጻፍ፣ የክስ ዓይነቶቹ፣ የሙግት ሥርዓቱ፣ መሐላ ፈጽመው የሚመሰክሩት የአካባቢው ሰዎች አጠራር ሁሉ በዚያው ዘመን ኒውካስል ላይ ከሚቀመጠው የእንግሊዝ ንጉሥ ተዘዋዋሪ ችሎት ጋር አንድ ነው። የመሬት ክርክር፣ የነፍስ ግድያ፣ ስርቆት፣ ከችሎት የሸሸ ሰው ንብረት መወረስ፤ ይህ ሁሉ እንግሊዛዊ በሆነ ሥርዓት ተዳኝቷል። ዳኛው ስኮትላንዳዊ፣ ሕጉ እንግሊዛዊ ነበር ማለት ነው።

ይህ ነጥብ ለክርክሩ መሠረታዊ ነው። ልዩ ግዛት ሲባል ሕግ የሌለበት ቦታ ወይም ሌላ ሕግ ያለበት ቦታ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። የዋርክ መዝገብ የሚያሳየው ሁለቱንም አይደለም። ያው ሕግ ነው፤ የተለየው ሕጉን የሚያስፈጽመው እጅና የመቀጮው ገንዘብ የሚገባበት ካዝና ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህ መለየት ችግር እንደፈጠረ የሚጠቁም ነገር እምብዛም የለም። መዝገቡ ግድያና ዝርፊያ አለበት፤ ያልነበረበት የእንግሊዝ አውራጃ ግን የትኛው ነው?

የሥልጣኑ ዳርቻም ከዚያው ዘመን ይታያል። በ1267 ጆን ከሚን የተባለው የስኮትላንድ ጌታ በታይንዴል ውስጥ ታርሴት ላይ ያለውን ቤቱን በምሽግ ለማጠር ሲፈልግ ፈቃዱን የሰጠው የእንግሊዙ ሣልሳዊ ሄንሪ ነው። በደቡብ በኩል ባለው በአልስተን ደግሞ የመሬቱ ጌታ በስኮትላንድ ንጉሥ ሥር ሲሆን የብርና የእርሳስ ማዕድኑ የእንግሊዝ ዘውድ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከመሬት በላይ ለአንድ ጌታ፣ ከመሬት በታች ለሌላ ሊገዛ ይችል ነበር። በሃልትዊስል ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ላለው ለአርብሮዝ ገዳም ተሰጥቶ ነበር። እንዲህ የተጠላለፈ ጥቅም የሚሠራው ሁለቱ ነገሥታት በሰላም ሲኖሩ ብቻ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሦስተኛ ሕግ ነበረ፤ በ1249 የሁለቱ አገሮች ባላባቶች ተሰብስበው ያጸደቁት የጠረፍ ሕግ። እሱ የሚመለከተው ወሰን ተሻግሮ የተፈጸመን በደል ነው። አንዳንዱ ክስ የሚቋጨው በወሰኑ ላይ በሚደረግ ፍልሚያ ሲሆን፣ ከደቡብ ጫፍ ከቶትነስ እስከ ሰሜን ጫፍ ኬይዝነስ ያለ ማንኛውም ሰው ለዚህ ፍልሚያ ሊጠራ ይችላል ይላል፤ ከነገሥታቱና ከሁለት ጳጳሳት በቀር። የጠረፍ ሕግና የታይንዴል ልዩ ዳኝነት በኋለኛው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ይታያል። አንዱ የሁለት መንግሥታት ስምምነት፣ ሌላው የአንድ ጌታ መብት ነው፤ ታይንዴልን ያፈረሰው አዋጅ የጠረፉን ሕግ አልነካውም፤ ሌላ መቶ ዓመት ኖሯል።

ጌታ የሌለው ግዛት

በ1286 አሌክሳንደር ሞተ። በ1292 የነገሠው ጆን ቤልየል ታይንዴልንም ወረሰ፤ የ1293ቱ የዋርክ ችሎት የተቀመጠው በሱ ዘመን ነው። በ1296 የእንግሊዝና የስኮትላንድ ጦርነት ሲነሣ ኤድዋርድ ግዛቱን ነጠቀ። ከዚያ ወዲህ የስኮትላንድ ነገሥታት በታይንዴል በሕግ ጌታ አልሆኑም።

ኤድዋርድ ግዛቱን ከነጠቀ ልዩ መብቱን በዚያው ቀን ሊሽረው ይችል ነበር። አላደረገውም። መብቱ እንደ ንብረት ስለሚቆጠር ለባለሟሎችና ለዘመዶች የሚሰጥ ጥሩ ስጦታ ነበር። በተራ ለደርሃሙ ጳጳስ ለአንቶኒ ቤክ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለንግሥት ፊሊፓ፣ ከዚያ ለልጇ ለዮርኩ መስፍን ለላንግሊው ኤድመንድ ተሰጠ። የስኮትላንድ ንጉሥ ግዛቱን በጥንቃቄ የሚያስተዳድርበት ምክንያት ነበረው፤ በእንግሊዝ ውስጥ የክብሩ መለኪያ ነውና ትልልቅ መኳንንቱን ዳኛ አድርጎ ይልክ ነበር። ንግሥቲቱና መስፍኑ ግን ከታይንዴል የሚፈልጉት ገቢ ነው፤ ጦርነቱ ደግሞ ገቢውን አደረቀው።

ጦርነቱ ታማኝነትንም ነክቷል። እንግሊዞች በ1314 ባኖክበርን ላይ ድል ከሆኑ በኋላ የኖርዝ ታይን ሰዎች ለስኮትላንዱ ንጉሥ ለሮበርት ብሩስ እንደገቡ የላነርኮስት ዜና መዋዕል በቁጣ ጽፏል። ቁጣው የመነኩሴ ነው፤ መዝገቡን ያቆየው ገዳም ራሱ በስኮትላንዶች የተዘረፈ ነበር። በሌላ በኩል ለሸለቆው ሰው የስኮትላንድ ንጉሥ ከሃያ ዓመት በፊት የአባቱ ሕጋዊ ጌታ ነበር። ክህደት ነው ወይስ ወደ ቀድሞ ጌታ መመለስ? ሆልፎርድና ስትሪንገር በ2010 ያሳተሙት የሰሜን ምሥራቅ ልዩ ግዛቶች ጥናት ካነሣቸው ጥያቄዎች ዋናው ይህ የታማኝነት ጉዳይ ነው።

ከ1414 እስከ 1495

ክሱ በይፋ የምናውቀውን መልክ የያዘው በ1414 ነው። በሌስተር በተሰበሰበው ፓርላማ የሰሜን አውራጃዎች ተወካዮች የታይንዴልና የጎረቤቱ የሄክሳምሻየር ሰዎች ይገድሉናል፣ ይዘርፉናል ብለው አመለከቱ። የወጣው ሕግ ልዩ ዳኝነቱን አልሻረም። ወንጀለኛው በንጉሡ ፍርድ ቤት ይከሰስ፤ ካልቀረበ ከሕግ ጥበቃ ውጭ ይባል፤ ውሳኔው ለልዩ ግዛቱ ሹሞች ይላክና እነሱ ይያዙት ይላል። በ1421 ይኸው ድንጋጌ በጎረቤት ላለው ለሬድስዴል ተሠራበት።

የአሠራሩ ቀዳዳ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ከታይንዴል ወጥቶ በኖርዘምበርላንድ ከብት የነዳ ሰው ወደ ቤቱ ከገባ ሸሪፉ ወሰኑ ላይ ይቆማል፤ ማድረግ የሚችለው ለግዛቱ ሹም መጻፍ ብቻ ነው። ሹሙ የሌባው ዘመድ ወይም የሚፈራው ጎረቤት ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የ1414ቱ ሕግ የመጨረሻውን ቁልፍ ለዚያው ሹም መልሶ ሰጠው። ስለዚህ ክሱን የሚደግፉት ወገኖች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ቀዳዳው እውነተኛ ነበር። ጥያቄው ለምን በ1280 ሳይሆን በ1414 እንደተሰማ ነው።

በ1495 ሰባተኛው ሄንሪ መብቱን ሻረ። ግዛቱ በዚያን ጊዜ በዘውዱ እጅ ስለነበረ የሚከፋ ትልቅ ጌታ አልነበረም፤ ይህም ከሌሎቹ ቀድሞ ለምን ታይንዴል እንደተመረጠ በከፊል ያስረዳል።

ሦስቱ ጎረቤቶች

አዋጁ ትክክል ከነበረ ከ1495 በኋላ ታይንዴል መርጋት ነበረበት። በ1498 የደርሃሙ ጳጳስ ሪቻርድ ፎክስ የታይንዴልንና የሬድስዴልን ሌቦች አወገዘ፤ ከእነሱ ጋር እየኖሩ የሚቀድሱ ማንበብ የማይችሉ ካህናትንም ነቀፈ። በ1541 ሰር ሮበርት ቦውስና ሰር ራልፍ ኤለርከር ጠረፉን መርምረው ሲጽፉ በታይንዴል የቻርልተን፣ የሮብሰን፣ የዶድና የሚልበርን ወገኖች እንደ አንድ ጦር ሆነው እንደሚንቀሳቀሱ፣ አንዱን የነካ ሁሉንም እንደሚነካ አስፍረዋል። መብቱ ከተሻረ 46 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳምነኝ የጎረቤቶቹ ንጽጽር ነው። ሬድስዴል ከታይንዴል በስተሰሜን ያለ ተመሳሳይ ሸለቆ ሲሆን የራሱ ልዩ ዳኝነት እስከ 1536ቱ አጠቃላይ አዋጅ ድረስ አልተነካም። ለ41 ዓመታት አንዱ ሸለቆ መብቱን አጥቶ፣ ሌላው ይዞ ቆይተዋል። በእነዚያ ዓመታትና ከዚያም በኋላ ሹማምንቱ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እየጠሩ ያማርራሉ። ሦስተኛው ጎረቤት ሄክሳምሻየር የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ልዩ ግዛት ነበር፤ ወደ ኖርዘምበርላንድ ሙሉ በሙሉ የተቀላቀለው በ1572 ነው። ከሦስቱ መብቱን ለረጅም ጊዜ የያዘው እሱ ሆኖ ሳለ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ሁለቱ ደጋማ ሸለቆዎች አልተወራበትም። ቆላማ እርሻ፣ የገበያ ከተማና ትልቅ ገዳም ነበረበት፤ ከወሰኑም ይርቃል። ልዩነቱን የሚፈጥረው የዳኝነቱ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሦስቱ በዚህ ቅደም ተከተል ባልተገኙ ነበር።

ዛሬ ያለው ክርክር

የመጀመሪያው አቋም ከቱዶር ነገሥታት (ከሰባተኛው ሄንሪና ከዘሮቹ) ሹማምንት ተነሥቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የሰፈረው ነው፤ ልዩ መብት የወንበዴ ዋሻ ነው ይላል። የዘውዱን ማዕከላዊነት እንደ እድገት የሚያይ ትውልድ የወደደው ትረካ ነበር።

ሁለተኛው ኑሮን ይመለከታል። የ1541ዱ ዘገባ ራሱ ሸለቆው ከሚችለው በላይ ሕዝብ እንደተሸከመ ይናገራል፤ መሬት ለወንዶች ልጆች ሁሉ ስለሚካፈል ርስቱ እየተቆራረሰ፣ ወጣቱ ከብት መንዳትን እንደ መተዳደሪያ ይዞታል የሚል ማብራሪያ በዘመኑ ሹማምንት ዘንድ የተለመደ ነበር። ይህ ክብደት አለው። ግን የርስት ክፍፍል ያለበት ሌላ ደጋማ አገር ሁሉ ዘራፊ አልሆነም።

ሦስተኛው ጣቱን ወደ መንግሥት ያዞራል። ሲንቲያ ኔቪል በ1998 ባሳተመችው ሥራ የጠረፍ ሕግ ከጦርነቱ ጋር እየጠነከረ፣ የራሱ ሹማምንትና ችሎት እያወጣ መሄዱን አሳይታለች፤ ከዚህ አንጻር ጠረፉ ሕግ ያጣ አገር ሳይሆን ሕግ የበዛበት ነበር። ስቲቨን ኤሊስ በ1995 መጽሐፉ የቱዶር ነገሥታት የጠረፉን ታላላቅ ጌቶች እያዳከሙ በምትካቸው አቅም የሌላቸውን መሾማቸው ያመጣውን መዘዝ መርምሯል። ዘውዱ በ1540ዎቹ ስኮትላንድን ሲወርር ደግሞ እነዚሁን የተወገዙ ፈረሰኞች አሰማርቷል፤ በሰላም ጊዜ ወንበዴ፣ በጦርነት ጊዜ የንጉሥ ወታደር።

አራተኛው የቅርብ ነው። ጃክሰን አርምስትሮንግ በ2020 ባቀረበው የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጥናት ዝምድና፣ ቂምና ሽምግልና በሰሜኑ ጠረፍ እንዴት እንደሚሠሩ በዝርዝር አይቶ አካባቢውን እንደ ተለየ አውሬ አገር የማየቱን ልማድ ተቃውሟል። ቀደም ሲል በ1989 ራልፍ ሮብሰን የሸለቆዎቹን ወገኖች እንደ ጎሳ ማጥናቱ ይታወቃል። ሁለቱ አጥኚዎች አንድ ዓይነት ሰዎችን እያዩ የአካባቢውን ልዩነት ከየት እንደሚቆጥሩ አይስማሙም።

ለኔ ከሁሉ የሚያሳስበው የማስረጃው አቅጣጫ ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የሚናገረን የታይንዴል የራሱ ችሎት ነው። ከ14ኛው መጨረሻ ጀምሮ ግን በይበልጥ የምንሰማው ከሳሾቹን ነው፤ የአውራጃ ተወካዮችን፣ ጳጳሱን፣ መርማሪ ሹማምንቱን። ታይንዴል ተበላሸ የምንለው ነገር ከፊሉ የመዝገብ ለውጥ ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም ግን አይሸፍንም፤ የ1541ዱ ዘገባ ስም እየጠራ፣ ሸለቆ እየለየ የሚናገር ሰነድ ነው።

የፍጻሜው ጉዳይም አልተቋጨም። በ1603 ሁለቱ ዘውዶች በአንድ ራስ ላይ ሲውሉ የጠረፉ ሕግ ትርጉም አጣ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ዘራፊዎች በብዛት ተሰቀሉ፤ የዋርክ ርስትም በ1604 ኋላ የደንባር ጌታ ለሆነው ለጆርጅ ሆም ተሰጠ። ከዚህ ተነሥቶ ወሰኑ ሲጠፋ ወንበዴው ጠፋ ማለት ቀላል ነው። ይሁንና ፓርላማው በ1662 የሰሜኑን ጠረፍ ዘራፊዎች የሚመለከት አዲስ ሕግ ማውጣት አስፈልጎታል፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ከኒውካስል ወደ ካርላይል የሚጓዙት ተዘዋዋሪ ዳኞች ለጉዟቸው ጩቤ መግዣ እየተባለ ገንዘብ ይሰጣቸው ነበር። ጉዟቸው የሚያልፈው በታይን ሸለቆ ነው። ልዩ ዳኝነቱ ከተሻረ 160 ዓመት፣ ዘውዶቹ ከተዋሐዱ 60 ዓመት ካለፈ በኋላ ምን ይጠብቁ እንደነበር ማስረዳት የሚችለው የኑሮና የዝምድናው አቋም ይመስላል፤ ያም ቢሆን በ1280 ለምን ጸጥ እንዳለ መልስ የለውም።